አፈሩ የአባቴ ነው

በመንደራችን በምቶንዶኒ ሰው የፈለገውን በልቡ ይዞ ዝም ማለት ይችላል፤ ዛፍ ከተከለ ግን ተናገረ ማለት ነው። በቆሎ ዝራ፣ ካሳቫ ትከል፣ ሰሊጥህን እጨድ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይህም፤ ዓመት ሳይሞላ ከመሬቱ የሚነሳ ነገር ነው። ኮኮናት ወይም ማንጎ የተከልክ ቀን ግን «እኔም የልጅ ልጄም ከዚህ ንቅንቅ አንልም» ብለህ በአደባባይ ጮኸሃል። ጭሰኛ በባለመሬት መሬት ላይ ዛፍ እንዳይተክል ከድሮ ጀምሮ የተከለከለው ለዚህ ነው። የአባቴ የአትማን ሸሂ መሬት ከትልቁ ባኦባብ ተነስቶ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። የቼንጎ ቤተሰብ በዚያ መሬት ላይ አራት ትውልድ ኖሯል። በአራት ትውልድ ውስጥ የእኛ ነው የሚሉት አንድ ዛፍ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ ጠዋት የአባቴ እህት ሙዋናሻ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ጓሮ ገባች።

«ስዋፊያ! ያ አንገት ደፊ አገር አጠፋልሽ!» አለችኝ።

«ማን?»

«ማን ትለኛለች ደግሞ! ኮኮናት አውራጁ ነዋ፣ ቼንጎ። ባሕሩ ዳር ሰባት ኮኮናት ተክሎ ተገኘ። ሰባት! አንድ እንኳ ቢሆን ‹ፍሬው ወድቆ በቀለ› ይባል ነበር።»

አክስቴ የምታውቀውንም የምትጠረጥረውንም የምትናገረው በአንድ ድምፅ ስለሆነ፣ ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ምን እንደሚፈልጉ አልገባኝም። አባቴ የባሕሩን ዳር ለሆቴል ሠሪዎች ሊሸጥ ከሞምባሳ ሰዎች ጋር ቃል ጨርሶ ነበር። ገዢዎቹ አጥብቀው የጠየቁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በመሬቱ ላይ የሌላ ሰው ዛፍ እንዳይኖር። ዓርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎች ሊሰበሰቡ ተቀጥሯል። «ይነቅላቸዋል፤ አልነቅልም ካለ አያቱንም ጎጆውንም ይዞ ከመሬቴ ይወጣል» ብሏል አባቴ።

አክስቴ ከሄደች በኋላ ኮኮናት መፋቂያው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጣ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ማፈሬ ነው የከበደኝ። ቼንጎ ባያ ሁለት ዓመት ሙሉ የማንን ፊት ሲያይ እንደኖረ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን እኔም ማወቄን ተጠራጠርኩ።

* * *

ቼንጎን የወደድኩት እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ነው። ኮኮናት አውራጅ ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት መጮኽ አለበት፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሰው ጓሮ፣ የሰው መታጠቢያ፣ የሰው ሚስት ይታየዋልና። «ልወጣ ነው! ሴቶች ግቡ!» ይላል። ሴቶቹም እየተንጫጩ ይገባሉ። አንድ ቀን እኔ አልገባሁም።

«እህት፣ ግቡ ብያለሁ» አለ ከግንዱ ሥር ቆሞ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ግቢው የእኔ ነው። ካፈርክ አንተ አትውጣ።»

ሳቀ። ሲስቅ አንድ የተሸረፈች የፊት ጥርስ አለችው። ወጣና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ፍሬውን እየቆረጠ አወረደ። ሊወርድ ሲል አንዲት ጊዜ ብቻ ዞሮ አየኝ። አንዲት ጊዜ በቃችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሙካዲ ልቀጥፍ ነው እያልኩ ባሕሩ ዳር መውረድ አበዛሁ። ሙካዲ እሾሃም ተክል ነው፤ አበባው ሲፈነዳ ሽታው መንደር ያዳርሳል፤ ሴቶቻችን ከጃስሚን ጋር አስረው ደረታቸው ላይ ይሰኩታል። የምታስረውና የምትሸጠው የቼንጎ አያት ናት። ሁላችንም ሃዌ እንላታለን፤ በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው። እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ አበባዋን ስታስር፣ እኔና ቼንጎ በዓይኗ ሥር ሆነን እናወራ ነበር። ባሕር ዳሩን እኔ በባለቤት ዓይን ነበር የማውቀው፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ። እሱ ግን የሚበቅልበትን እያንዳንዱን ተክል በስሙ ይጠራዋል።

አሸዋው ላይ የሚሳብ ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ አለ። ልጅ ሆነን ስንሮጥ እየጠለፈ የሚጥለን እሱ ነው። «ይሄ አረም» ብዬ ረገጥኩት አንድ ቀን።

«ኧረ ቀስ በይ! እሱ ባይኖር የአባትሽን መሬት ማዕበል ይወስድላችሁ ነበር። አሸዋውን የያዘው እሱ ነው። ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛ።»

«እንዳንተ?»

«እኔማ ይከፈለኛል» አለና ዓይኔን አየ፤ እኔ ነኝ ቀድሜ ያቀረቀርኩት።

ሌላ ጊዜ ውሃው ሸሽቶ ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ማንግሮቭ ዛፍ በጭቃ ላይ ሥሩን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ፣ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ባቄላ የረዘመ አረንጓዴ ነገር ጎንበስ አድርጎ አሳየኝ። «ሌላው ዛፍ ዘሩን ጥሎ ይረሳዋል። ይቺ ግን ልጇን እላይዋ ላይ አብቅላ፣ ለመቆም ከደረሰ በኋላ ነው የምትለቀው። ጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ ይተከላል።»

«እንደ አክስቴ» አልኩት።

«አክስትሽ መች ለቀቀችሽና!»

ሃዌ ከጥላው ሥር ሳቀች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እጄን አልነካኝም። ስሜን ሲጠራ ግን ከሌላው ሰው ሁሉ ቀስ አድርጎ ነበር የሚጠራው፤ እኔም ያንን ለማንም አልሰጥም ነበር።

* * *

የሰባቱን ችግኞች ወሬ የሰማሁ ቀን ማታውን አልጠበቅኩም። ከቀትር በፊት ደብዳቤ ጻፍኩ። በየሳምንቱ የምንተያይ ሰዎች ነንና ከዚያ በፊት ጽፌለት አላውቅም።

«ቼንጎ፤ ዓይኔን የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካ በትከሻዬ ላይ አሻግረህ አፈሩን ነበር የምታየው። የፈለግኸው እኔን ከሆነ አፍ ነበረህ። የፈለግኸው የአባቴን መሬት ከሆነ ደግሞ ሰባት ዛፍ ምን ይረባሃል? ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ እኔን አግብተህ ሁሉንም ትወስደው ነበር። እኔ ሞኟ በደስታ እሰጥህ ነበር። ስዋፊያ።»

አጥፌ ለሃዌ ሰጠኋት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከአበባዋ መሃል ከተተችው።

መልስ አልመጣም። ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ ጠዋት ቼንጎ ግቢያችን ካለችው ዛፍ ፍሬ ሊያወርድ መጣ። ያ ሁሉ ነገር ተነስቶበት ሥራውን አላስቀረም። «ልወጣ ነው! ሴቶች ግቡ!» ሲል ድምፁ እንደ ድሮው ነበር።

ገባሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገባሁት። በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል አየሁት፤ ባዶውን በርጩማ አንዴ አየና ወጣ። ከላይ ሆኖ ወደ ታች አንዴም አልተመለከተም። ፍሬዎቹ መሬት ላይ አንድ በአንድ ሲወድቁ እሰማለሁ። እያንዳንዱ ደረቴ ላይ የወደቀ ያህል ነው ያመመኝ። ሆኖም አልወጣሁም። እልኸኛ ነኝ፤ እልኼን ከአባቴ ነው የወረስኩት።

* * *

ዓርብ ጠዋት ሃዌ በጓሮ በር መጣች። አበባ አልያዘችም።

«ተቀመጪ» አለችኝ፤ በገዛ ግቢዬ። ተቀመጥኩ።

«ምን ብለሽ እንደጻፍሽለት አላውቅም። እኔ ወረቀት አላነብም። የልጄን ፊት ግን አነባለሁ። ሦስት ቀን ካሳቫ አልቀመሰም። ውሃ ሳቀብለው፣ ይይዘዋል እንጂ አይጠጣውም።»

«እኔ ምን ላድርግ ሃዌ? ዛፍ የተከለው እሱ ነው።»

«ለማን ተከለው?»

«ለራሱ ነዋ!»

«ትምህርት ቤት የሄድሽው ለከንቱ ነው» አለች። «የእኛ ቤት ወንዶች ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ለሚፈልጓት ሴት ዛፍ ይተክላሉ። ‹ቤቴ ባትመጣም ትብላ› ብለው። ወንድ አያቱም ለእኔ ተክሎልኛል፤ እዚህ ሳይሆን በወንዙ ማዶ፣ የእናቴ ወንድም መሬት ላይ። ይሄው ጥርሴ ካለቀም በኋላ ውሃውን እጠጣለሁ። ቼንጎ ሰባቱን ጉድጓድ ሲቆፍር ጨውና አመድ እያቀበልን ቆመን ነበር፣ እኔና የመንደሩ ሽማግሌ ምዜ ኛሌ። አንድ በአንድ ስም አወጣላቸው። ‹ይሄ የስዋፊያ ነው።› ቀጥሎ፣ ‹ይሄም የስዋፊያ ነው።› ሰባት ጊዜ። ደከመኝ እኮ! ‹አንዴ ብትለው አይበቃም ወይ?› ብዬዋለሁ።»

በእኛ ሕግ ዛፍ የሚሆነው ለተከለው ሰው ሳይሆን፣ በሁለት ምስክር ፊት ስሙ ለተጠራው ሰው ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«ታዲያ ለምን አይናገርም? የእኔ ከሆኑ እሱ ምንም አልሰረቀም። የባለመሬቱ ልጅ ዛፍ በአባቷ መሬት ላይ ቆመ፣ በቃ።»

«ይጠይቃሉዋ! ‹ኮኮናት አውራጅ በአትማን ሴት ልጅ ስም ዛፍ የሚተክለው ምን አግኝቶ ነው?› ብለው። ያን ጊዜ ባሕር የሚገባው ያንቺ ስም ነው። ስለዚህ አስማለን። እኔንም ኛሌንም። ‹እንወጣለን እንጂ ስሟ አይነሳም› አለን።»

«ምለሽ ነገርሽኝ?»

«ማልኩ እንጂ ምላሴን አልሸጥኩም» አለች ሃዌ። «ሰማንያ ዓመቴ ነው። ከዚያ ጎጆ ተነስቼ የት እንድሄድ ነው?»

ስትወጣ አልሸኘኋትም። መጀመሪያ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ፤ እያንዳንዱ ቃል ተራ በተራ መጥቶ ፊቴን መታኝ። አለቀስኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ውስጤ ተነሳ። ማን ፈቀደለት? ስሜን ለማዳን ብሎ እኔን ሊያጣኝ፣ እኔንም ሳያማክር! አባቴ ስለ እኔ ይወስናል፣ አክስቴ ትወስናለች፣ አሁን ደግሞ የምወደው ሰው በዝምታው ወሰነልኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሱ ዝምታ ግን አያቱንም፣ ጎጆውንም፣ እኔንም ሊበላ ነበር። ፊቴን ታጠብኩ። ንዴቴ ከእንባዬ በለጠ፤ ደስ አለኝ።

* * *

መንደራችን ስሙን ያገኘበት የምቶንዶ ዛፍ ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ ጥላው መቶ ሰው ያስቀምጣል። በዚያ ወቅት አበባውን ያራግፋል፤ ነጫጭ አበቦች በሽማግሌዎቹ ቆብ ላይ እየወደቁ ማንም አያራግፋቸውም ነበር። ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶች ከመስጊዱ የአጥር ግንብ ኋላ ቆመን ነው የምንሰማው፤ እንሰማለን እንጂ አንናገርም። አክስቴ ክንዴን ይዛለች።

አባቴ ተናገረ። አባቴ ሲናገር ያምራል፤ ቁጣውን እንኳ በሥርዓት ነው የሚያወጣው። «ከአያቴ ጀምሮ እነዚህን ሰዎች ከመሬቴ ተነሱ ያላቸው የለም። እህል ዘሩ፣ በሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመንን፤ ዛፍ አትትከሉ። ቼንጎ፣ አንተ ነህ የተከልከው?»

«እኔ ነኝ ቡዋና» አለ ቼንጎ፤ ጭሰኛ ባለመሬቱን የሚጠራው እንዲህ ነው። ቆሟል፤ እጆቹ በጎኑ ተንጠልጥለዋል።

«ለምን?»

ዝም።

«እኮ ለምን? መሬቴን ፈልገህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ምዜ ኛሌ ጢማቸውን እየያዙ መሬት መሬት ያያሉ። አሁን ለምን እንደሚያቀረቅሩ አውቃለሁ።

«እንግዲህ መልስ ከሌለህ» አለ አባቴ፣ «በገዛ እጅህ ንቀላቸውና ነገሩ ይብቃ። አልነቅልም ካልክ ዝናቡ ሳይጀምር ጎጆህን አፍርስና ውጣ።»

ቼንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ኮኮናት መንቀል በእኛ ዘንድ እናትን መግደል ነው። እሱን አላደርግም። እንወጣለን ቡዋና።»

እንወጣለን ሲል ድምፁ አልተሰበረም። ከሴቶቹ መሃል ሃዌ እንደ ሕፃን ስታቃስት ሰማሁ። ክንዴን ከአክስቴ እጅ መነጨቅኩ።

«ወዴት ነው? አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው?»

«ሴቶች ግቡ ያለኝ የለም» አልኳትና በግንቡ በር አለፍኩ።

ከበሩ እስከ አባቴ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ መንገድ አልሄድኩም። ወንዶቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ደንግጠው ነው። ቼንጎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ተመለሺ፣ ተመለሺ ይላል በዓይኑ። አልተመለስኩም።

«አባባ፣ ዛፎቹ የእኔ ናቸው» አልኩ።

«ወደ ቤት ግቢ።»

«ሰባቱም የእኔ ናቸው። በስሜ ነው የተተከሉት፤ በሁለት ምስክር ፊት። አንዷ ሃዌ ናት። ሁለተኛው እዚህ ተቀምጠዋል።» ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ምዜ ኛሌ፣ እኔ የዛፉ ባለቤት በስምዎ ጠርቼ እጠይቅዎታለሁ። ስሙ የተጠራው የማን ነው?»

ምዜ ኛሌ ቀስ ብለው ከምንጣፉ ተነሱ። ከደረታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ የወረደ ሰው ይመስሉ ነበር። «ዝም እንድል ተከላው ላይ ምያለሁ» አሉ። «ባለቤቷ ጠርታ ስትጠይቅ ግን ምስክር ዝም አይልም፤ ይሄ ከመሐላ የሚቀድም ሕግ ነው። ሰባቱም በስዋፊያ አትማን ስም ነው የተተከሉት። አመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አንተም ኛሌ?» አለ አባቴ።

«እኔም። ‹ማን ተከለ› ብለህ ጠየቅህ እንጂ ‹ለማን› ብለህ የጠየቅህ ቀን የለም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ምኑ ነች?» ሲል ሌላው ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እኔ የሚባለውን መጨረሻ ላይ የምሰማው እኔ እንደምሆን ገባኝ። የአባቴ ፊት ጠቁሯል። ብልህ ሰው ነው ግን፤ ወዲያው መንገድ አገኘ።

«መልካም» አለ። «የአንቺ ከሆኑ ደግ ሆነ። አንቺ ደግሞ የእኔ ነሽ። ንቀይልኝ።»

ወንዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አፈሩ ያንተ ነው አባባ» አልኩት። «አንዲት ጭብጥ አልፈልግበትም። ዛፎቹ ግን የእኔ ናቸው። እኔም የራሴ ነኝ። አያቴ በጎረቤት መሬት ላይ አሥራ አንድ ኮኮናት አልነበረውም ወይ? በየወሩ እየሄደ ሲያወርድ ፈቃድ የጠየቀበት ቀን አለ? ፍሬውን በአህያ ጭኖ ሲመጣ ከኋላ የምትነዳው አንተ ነበርክ፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። የዛፍ ባለቤት ወደ ዛፏ መንገድ አላት። ሕጉ የእናንተ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። ሆቴል ሠሪዎቹ ዛፍ ያለበት መሬት አንገዛም ካሉም ሌላ ባሕር ይፈልጉ።»

«ስዋፊያ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «በሰው ፊት ምን እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል? ነገ ይህን ሁሉ አፍ በምን ትዘጊዋለሽ?»

«ለምን ልዝጋው? ሰው እየገመተ እንዳይደክም እኔው ልንገረው።» ወደ ወንዶቹ ዞርኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ። «ቼንጎ ባያን እወደዋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። እጄን እንኳ አልነካም፤ ስሜ ከሚጠፋ ከቤቱ መውጣት መረጠ። እናንተ ሌባ ያላችሁት እሱን ነው። እኔም ብያለሁ፤ ከሌባ ቆጥሬ ጽፌለታለሁ፤ ስለዚህ ከሁላችሁም የማፍረው እኔ ነኝ። በመውደዴ ግን አላፍርም። አንዱም ሰው እንዳፍር አያደርገኝም!»

አባቴ በትሩን አነሳና ሰውን ሁሉ ትቶ ወደ ቤት ሄደ። ሲያልፈኝ አላየኝም። ትከሻው ግን ያን ያህል ጎብጦ አይቼው አላውቅም። ያኔ ነው፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ልቤ የተሰነጠቀው።

* * *

ቼንጎን ችግኞቹ ጋ አገኘሁት። አያቱ ራቅ ብላ አሸዋው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ችግኞቹን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከግማሽ ቅርፊታቸው ብቅ ያሉ፣ ገና ያልተሰነጠቀ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው። ሐምራዊው ሐረግ ዙሪያቸውን ይዟቸዋል። ነፋሱ ሲመጣ ሰባቱም አብረው ያጎነብሳሉ።

የተቀበለኝ በቁጣ ነው። «ማን አድኚኝ አለሽ?»

«አንተስ ማን ጠብቅልኝ አለህ፣ ስሜን?»

«ከእንግዲህ መንደር ውስጥ እንዴት ትሄጃለሽ?»

«በእግሬ።»

ሊስቅ ፈለገና አቃተው። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ኮኮናት ላይ ሲወጣ የምናያት ያቺ ጠንካራ ትከሻ ስትንቀጠቀጥ አየሁ። «ደብዳቤሽን ሳነብ» አለ፣ «መሬት ያለው ሰው ሆኜ ብወለድ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። ቢያንስ ‹አፈሩን ነው› አትይኝም ነበር።»

«መልስልኝ። ልቅደደው።»

«አልመልስም።»

«ስድብ ነው እኮ ቼንጎ!»

«በእጅሽ የጻፍሽልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ስድብም ቢሆን የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምን ልበለው? ይቅር በለኝ አልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ ሁለት ዓመት ያልነካውን እጄን ያዘ። መዳፉ ከግንድ ጋር ሲታገል የኖረ ሻካራ መዳፍ ነው። እዚያው ቆሜ ብቀር፣ ማዕበል መጥቶ ቢወስደን ግድ አልነበረኝም።

«ላሙ ደሴት ላይ የእናቴ ዘመዶች አሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ ጠዋት ጀልባ አለ። እንሂድ።»

አንድ አፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ጀልባው ላይ ተሳፈረ። ከዚያ ግን ወረደ።

«አልሄድም» አልኩት። «ምን ሰርቀን ነው የምንሸሸው? ሽማግሌ ላክ። ምዜ ኛሌን ላካቸው።»

«አባትሽ ያባርራቸዋል።»

«ያባርር። በማግስቱ ይመለሱ። ደግሞ ቢያባርር ደግሞ ይመለሱ። እኔ ከአባቴ ቤት በፊት ለፊት በር፣ በቀን፣ ሙሽራ ሆኜ ነው የምወጣው። ያ ቀን እስኪመጣ ብንሸብትም ግድ የለኝም።»

«እልኸኛ» አለኝ። ከሌላው ሰው ሁሉ ቀስ አድርጎ ነው ያለኝ።

* * *

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ገና ከዘንባባዎቹ በላይ ነበረች። ትልቁ በር ተዘግቷል። በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ አባቴ ከውስጥ። ማን እንደሆነ ያውቃል።

«ስዋፊያ ነኝ አባባ።»

«ዛፎች አሉሽ አይደል? ወደ ዛፎችሽ ሂጂ።»

«እሄዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ላጠጣቸው እሄዳለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

«ቤት የለሽም!»

አክስቴ ከውስጥ «አትማን፣ ኧረ በነቢዩ!» ስትል ሰማሁ። የጓሮው በር ክፍት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አክስቴ ትከፍትልኛለች። በዚያ ገብቼ፣ ራት በልቼ፣ ማንም ሳያየኝ ተኝቼ፣ ነገሩ እስኪበርድ መጠበቅ እችል ነበር። በጓሮ በር ግን አልገባም አልኩ።

ከበሩ አጠገብ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ወንዶች ብቻ የሚቀመጡበት፣ አባቴም ከሰዓት በኋላ እንግዳ የሚቀበልበት ነው። እዚያ ተቀመጥኩ። ሻሼን አስተካከልኩ፤ ፊቴን ግን አልሸፈንኩም። ከስብሰባው የሚመለሱ ሰዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። እኔ ሁሉንም በስማቸው እየጠራሁ ሰላም አልኳቸው። ሦስተኛው ሰው ላይ ድምፄ ጠራ።

ዓሣ ሻጩ ቅርጫቱን ተሸክሞ አለፈና ተመለሰ። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«አባቴን እየጠበቅኩ ነው» አልኩት፤ ጮክ ብዬ።

ከበሩ ኋላ አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ። አባቴ እዚያው ቆሟል። አልሄደም፤ አልከፈተምም። በእንጨቱ ውስጥ ትንፋሹን እሰማለሁ። እኔም ድንጋዩ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።